ሲጋራና ጭንቀት፦ ያለ ዕድሜ የሚመጣ እርጅና

የሰው ዕድሜ በዓመታት ቢቆጠርም፣ የሰውነት እርጅና ከዓመታቱ ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። ይህን ከሚያፋጥኑ ምክንያቶች መካከል ሲጋራ ማጨስና ሥር የሰደደ ጭንቀት ዋነኞቹ ናቸው።

የትምባሆ ጭስ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎችን የያዘ ሲሆን፣ ቢያንስ 70ዎቹ ካንሰር አምጪ ናቸው። ኒኮቲን የደም ሥሮችን ያጠብባል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይወስዳል። ደለል የሞላው ቦይ ለማሳው በቂ ውኃ እንደማያደርስ ሁሉ፣ የጠበበ የደም ሥርም ለልብ፣ ለአንጎልና ለቆዳ በቂ ደም አያደርስም። በዚህም ቆዳ ያለ ጊዜው ይሸበሸባል፤ አጥንት ይሳሳል፤ ለዓይን ሞራ ግርዶሽና ለሳንባ ነቀርሳ የመጋለጥ ዕድልም ይጨምራል።

ጭንቀትና ሰውነት

ሰው ሲጨነቅ ሰውነቱ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫል። እነዚህ ለአጭር ጊዜ አደጋ ለመጋፈጥ ይጠቅማሉ። ጭንቀቱ ለወራት ሲዘልቅ ግን የደም ግፊትን ይጨምራሉ፣ እንቅልፍ ይነሳሉ፣ በሽታ የመከላከል አቅምን ያዳክማሉ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የጉና የደይር ዝናብ በተከታታይ አምስት ወቅቶች ባጠረባቸው የክልሉ ደቡባዊ ዞኖች፣ ከብቶቻቸውን ያጡ አርብቶ አደሮች የተሸከሙት ጭንቀት የዚህ ዓይነቱ ነው።

ሲጋራ ጭንቀትን ያስታግሳልን?

ብዙዎች የሚያጨሱት ለመረጋጋት ነው። ይሁንና አጫሹ የሚሰማው እፎይታ በአብዛኛው ኒኮቲን ሲጎድልበት የመጣውን መቁነጥነጥ የሚያስታግስ ብቻ በመሆኑ፣ ችግሩ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይመለሳል። በጅግጅጋና በአካባቢዋ ከተሞች ሲጋራ ብዙውን ጊዜ ከጫት ጋር ይጨሳል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖንም የልብ ምትንና የደም ግፊትን ስለሚጨምር፣ ሁለቱ ሲደመሩ የልብ ሸክም ይከብዳል፤ እንቅልፍም ይርቃል።

ማቆም የሚያስገኘው ጥቅም

በእንግሊዝ ሐኪሞች ላይ ለ50 ዓመታት የተካሄደ ጥናት ዕድሜ ልካቸውን ያጨሱ ሰዎች ከማያጨሱት በአማካይ በ10 ዓመት ቀድመው እንደሚሞቱ አሳይቷል። በ30 ዓመታቸው ያቆሙት የሚያጡትን ዕድሜ ከሞላ ጎደል ሲያስመልሱ፣ በ40 ያቆሙት 9፣ በ50 ያቆሙት 6፣ በ60 ያቆሙት ደግሞ 3 ዓመት ያህል አትርፈዋል።

በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥ የተከለከለ ነው፤ ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ቤቶች ውስጥ ማጨስም እንዲሁ። ማቆም የሚፈልግ ሰው የማቆሚያ ቀን ቢቆርጥ፣ ለቤተሰቡ ቢያሳውቅ፣ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበርጫ ቢርቅ ሥራው ይቀልለታል። ጭንቀቱ ከአቅም በላይ ሲሆን በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል።