የቁልቢ ክር

በእኛ ሰፈር ሴቶች ዘንድ የገና ስጦታ ተሠርቶ ያለቀ ዕቃ አልነበረም። ክር፣ ጥጥ፣ መርፌ፣ ኪሮሽ፣ ቢበዛ ጥቂት ክንድ አቡጀዲ ነበር። አንዷ ለሌላዋ የምትሰጣት ወራት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ተቀባይዋም ደስ ብሏት ስማ ትቀበላለች። ይህን ለልጆቼ ስነግራቸው «ድህነት ነዋ!» ይሉኛል። ድህነቱማ መች ጠፋ። ልማዱን የፈጠሩት ግን ባቡሩና ቁልቢ ገብርኤል ናቸው፤ ይህን ሞጆ ተወልዶ ያደገ ሰው ካልተናገረው የሚናገርለት ያለ አይመስለኝም።

ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም.። ሞጆም ከሐዲዱ ጋር አብራ ያደገች ከተማ ናት። ዙሪያዋን የሉሜ ገበሬ ነጭ ጤፍና ምስር ያመርታል፤ ወደ ዝዋይ፣ ወደ ሻሸመኔና ወደ ሐዋሳ የሚወርደው መንገድ የሚገነጠለውም ከዚሁ ነው። ባቡሩ ከባሕር በኩል አቡጀዲ፣ ክርና መርፌ ይዞ ይመጣ ነበር። አቡጀዲው መጀመሪያ የአሜሪካ ነበር፤ ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት የጃፓኑ በርካሽነቱ አሸንፎት ገበያውን ያዘ። አያቴ የትራስ ልብስ የምትጠልፈው በዚሁ በጃፓኑ ላይ ነበር። ሲታጠብ ይሳሳል እያለች ታማዋለች፤ ትገዛው ግን ነበር።

ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት የሴት ሥራ ፈትል ነበር። ጥጡ ይዳመጥና ፍሬው ይወጣል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶው ይጠቀለልና አመልማሎ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ እንዝርት ነው። ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል። ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ድርና ማግ ለመፍተል ክረምት ከበጋ ያልፋል። የፋብሪካ ድር ከውጭ መግባት ሲጀምር ለሴቶቹ የቀረላቸው ማጉ ብቻ ሆነ። እኔ እንደሚመስለኝ ጥልፍና ዳንቴል በባቡር መንገድ ከተሞች እንዲህ የተስፋፋው በዚህ ምክንያት ነው፤ እጃቸው ትንሽ ፋታ አገኘ። ትምህርት ቤቱም ረዳ። በ1924 ዓ.ም. የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ሴት ልጆችን ከፊደሉ ጎን ስፌትና ጥልፍ ያስተምር ነበር። እኔ በደረስኩበት ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ የሚባል ክፍለ ጊዜ ነበረን። አስተማሪያችን የጥልፉን ፊት አታይም ነበር። ገልብጣ ጀርባውን ታያለች፤ ቋጠሮ ካገኘች ታስፈታናለች።

ወደ ቁልቢ ልመለስ። ራስ መኮንን ያሠሩት የቁልቢ ገብርኤል በዓመት ሁለቴ ይነግሣል፤ ሐምሌ 19 እና ታኅሣሥ 19። የታኅሣሡ ከገና ዐሥር ቀን ይቀድማል። ባቡሩ በስለተኛ ተጨናንቆ ከለገሃር ይነሣና ሞጆ ሲደርስ መቆሚያ እንኳ አይኖረውም፤ የእኛም ሰዎች እየተገፉ ይገቡበታል። ከሰፈራችን ሁልጊዜ አንዲት ስለት ያለባት አትጠፋም። ሌሎቻችን ገንዘባችንን ለእሷ እንሰጣለን፤ እሷም በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥረዋለች። የእከሊት አንድ ቋጠሮ፣ የእከሊት ሁለት፣ የሦስተኛዋ በቀይ ክር የታሰረ። መጻፍ አትችልም፤ ሒሳቡን ግን ስታ አታውቅም ነበር። ድሬዳዋ ትወርድና ቁልቢ ወጥታ ትሳለማለች፤ ስትመለስ ቀፊራ ገበያ ገብታ ክር ትገዛለች። ነጭ የዳንቴል ክር፣ ባለ ቀለም የጥልፍ ክር፣ ጥለት ውስጥ የምታበራ ሳባ። አዋሽ ላይ ፊናንሶች ባቡሩን ስለሚፈትሹ ጥቅሎቹን ከመቀነቷ ስር በወገቧ ዙሪያ ታስራቸዋለች። ወፍራ ትመጣለች፤ ሞጆ ስትወርድ ልጆች «ከቁልቢ ጸንሳ መጣች!» ብለው ይስቁባት ነበር።

እንግዲህ ሒሳቡን አስቡት። ክሩ ሞጆ የሚደርሰው ታኅሣሥ 22 ወይም 23 ነው። 27 መድኃኔ ዓለም ነው፤ በዓል ተይዞ መርፌ አይነካም። የቀሩትን ቀኖች ጠላው፣ ዳቦው፣ የዶሮው ቅመም ይወስዳቸዋል። ለገና ሠርቶ ማድረስ ከቶ አይታሰብም። ስለዚህ ክሩ ራሱ እንዳለ ስጦታ ሆነ። የገና ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ወንዶች ልጆች በኦሮምኛ ቂሌ የሚባለውን ጨዋታ ሊጫወቱ ዱላቸውን ይዘው ወደ ሜዳ ሲወጡ፣ ሴት ልጅ ለእናቷ፣ ምራት ለአማቷ፣ ጎረቤት ለጎረቤት ጥቅል ክር በእንግጫ አስራ ትወስዳለች። ጥምቀት ከዚያ በ12 ቀን ይደርሳል። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ተብሎ የለ? ስለዚህ የአንገት ጥልፍ ብቻ በጥድፊያ ይሠራል፤ የአልጋ ልብሱና የጠረጴዛ ልብሱ ለፋሲካ ይቆያል።

ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይመጣ ነበር? ከበጉ ቆዳ። ሞጆ የቆዳ ፋብሪካ ከተማ ናት፤ ከበዓል በኋላ ከብዙ አገር የተሰበሰበ ቆዳ ወደ እኛ ይጫን ነበር። በቤታችን ሥጋው የቤተሰቡ፣ ቆዳው የእናቴ ነበር። አባቴ በግ ሲያርድ ቢላዋውን የሚጠቀምበት መክፈቻውን ለመቅደድ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በጡጫው በቆዳውና በሥጋው መሐል እየገፋ ይገፍፈዋል። እናቴ አጠገቡ ቆማ «ቀስ በል እንጂ! ክሬን እንዳትቀድብኝ!» ትለው ነበር። ቆዳው እንደ ሞቀ ይዘረጋል፣ ጨው ይነሰነስበታል፤ ጨው ቶሎ ካልነካው ጸጉሩ ይለቃል። ቆዳ ገዢው ሲመጣ ወደ ብርሃን አንሥቶ ያየዋል። የቢላዋ ጭረት ወይም የእከክ ጠባሳ ካገኘ ዋጋ ይጥላል፤ እናቴም ትከራከራለች። የፋሲካው በግ ቆዳ ብር ለሐምሌው ቁልቢ፣ የመስቀሉ ለታኅሣሡ ይቀመጣል። ስለዚህ በገና ከጎረቤት የሚመጣልን ክር የመስቀል በግ ነበረ ማለት ነው።

በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ጃንሆይ በገና ለሕፃናት ሹራብና ሌላ ስጦታ እንደሚያድሉ እንሰማ ነበር። እኛ ጋ አልደረሰም፤ ዜናው ግን ደርሶ ልጆች ሁሉ ሹራብ ተመኘን። እናቴ ያረጀ ሹራብ ተርትራ፣ ክሩን በውኃ ዘፍዝፋ፣ ድንጋይ አንጠልጥላበት ካስተካከለችው በኋላ ለታናሽ ወንድሜ አዲስ ሠራችለት። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ለዳንቴላችን አዲስ ነገር መጣ። ስኳር በጥቂት ውኃ ይፈላል፤ የተሠራው ዳንቴል ይነከርበታል፤ ሳይደርቅ በተገለበጠ ሳህን ላይ ይወጠራል። ፀሐይ ሲመታው እንደ ሸክላ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከረሜላም ይቀመጥበታል፣ የፕላስቲክ አበባም። ጉንዳን እንዳይወጣበት የጠረጴዛው እግሮች በየጣሳው ውኃ ውስጥ ይቆማሉ። ከቆቃ ግድብ መብራት ሲመጣና ሬድዮ ሲገባ የሬድዮ ልብስ ያልተሠራበት ቤት አልነበረም።

በደርግ ዘመን ገናው አልቀረም፤ ክሩ ግን ጠፋ። በ1972 ዓ.ም. የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ሲቋቋም በየቀበሌው የእጅ ሥራ ቡድን ተደራጀ። ስብሰባው ይበዛ ነበር፤ እውነት ለመናገር ግን ብዙ ወጣት ሴቶች ኪሮሽ መያዝ የተማሩት እዚያ ነው። ወንዶችም ተማሩ፤ ወኅኒ ቤት። ከእስር የወጣ የሰፈራችን ሰው ለሚስቱ ያመጣላትን ዳንቴል አይተን ሁላችንም ንድፉን ቀድተናል፤ ከእኛ እጅ የጠራ ነበር። በዚያ ዘመን ዱቄት የሚመጣበት የጥጥ ከረጢት ተፈትቶ፣ ጽሑፉ በአመድ ተፍቆ፣ የትራስ ልብስ ይሆን ነበር። የስፌቱ ክር እንኳ አይጣልም፤ ተጠቅልሎ ይቀመጣል።

አሁን ሰው ሳያነሣው የሚያልፈውን ላንሣ፤ ድሪቶ። ብጥስጣሽ ጨርቅ በጨርቅ ላይ እየተደረበ የሚሰፋው ልብስ በየቤቱ ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ ግን ከአልጋው ተነሥቶ ከጓዳ ይገባል። አያቴ ግን ከአባቴ የሥራ ካኪ፣ ከእናቴ የተቀደደ ቀሚስና ከአቡጀዲ ቁራጭ የሰፋችውን ድሪቶ በአንድ ገና ለእኔ ሰጠችኝ። ጨለማው ቁራጭ ሁሉ ወደ ዳር፣ ነጩ ወደ መሐል ተደርጎ ነበር የተሰፋው፤ ይህን ሆን ብላ አስባበታለች። አፍሬበት ሳልጠቀምበት ኖርኩ። የእኛን ድሪቶ የሚመስል ግን ሌላ አገር ተከብሯል፤ አሜሪካ ውስጥ፣ አላባማ ክፍለ ግዛት፣ ጊዝ ቤንድ የምትባል የድሆች የጥቁሮች መንደር አለች። ሴቶቿ ካረጀ የሥራ ልብስ የሰፉት የአልጋ ልብስ እ.ኤ.አ. በ2002 በሂውስተን፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ሙዚየም ተሰቅሎ ሕዝብ አየው፤ በ2006 ደግሞ የፖስታ ቴምብር ላይ ታተመ። እነዚያ ሴቶች የሠሩትን የእኛም እናቶች ሠርተውታል። የእኛው እሳት ማንደጃና ወለል መወልወያ ሆኖ አለቀ፤ ይህ ሁሌም ያንገበግበኛል። ቤቱ ውስጥ ድሪቶ የቀረው ሰው ካለ እባካችሁ አትጣሉት።

ባቡሩ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ መመላለሱን በ2000 ዓ.ም. ገደማ አቆመ። በዚያው ዓመት መንግሥት ጥሬ ቆዳ ወደ ውጭ በሚልኩ ላይ 150 በመቶ ቀረጥ ጣለ፤ ፋብሪካዎቹ አለስልሰውና ጨርሰው እንዲሸጡ ታስቦ ነው። ሐሳቡ ደግ ነበር። ነገር ግን ኬሚካሉን ለመግዛት የውጭ ምንዛሪ ጠፋ፤ በዓለም ገበያም ሰው ሠራሽ ቆዳ በዛ። የበግ ቆዳ ዋጋው ወድቆ ወድቆ ገዢ አጣ፤ በበዓል ማግስት በየቦዩ ተጥሎ ማየት ተለመደ። የቆዳ ከተማ በምትባለው በእኛዋ ሞጆ ቆዳ መንገድ ላይ ሲበሰብስ ማየት እጅግ ያሳዝነኛል፤ በየሰፈሩ የስንት ሴት መተዳደሪያ እንደነበረ የሚያውቅ ያውቀዋል።

የገና ማግስት ቡና ግን አልቀረም። ዘንድሮም ተሰብስበን «እስቲ ምን ምን መጣላችሁ?» ተባባልን። አንዷ ከቤይሩት ልጇ የላከችላት ለስላሳ እጀታ ያለው ኪሮሽ ደርሷታል፤ እያዟዟርን ሞከርነው፤ ጣት አያሳምምም። ሌላዋ ወፍራም የቻይና ብርድ ልብስ መጥቶላታል፤ «ሞቆኝ አደረ» አለች፣ ሌላ የምትጨምረው አልነበራትም። ሁለቱ በቴሌብር ብር ተልኮላቸዋል። ከሁላችንም ታላቅ የሆኑት እማማ «እኔማ አመልማሎ ነው የመጣልኝ» ሲሉ ሁላችንም ዞር አልን። የልጅ ልጃቸው አዋሽ በኩል ሲሄድ ገዝቶላቸው ነው። «አንቺ ልጅ፣ እንዝርቱን ከመደርደሪያው አውርጂልኝ» አሉኝ፤ የእኔ ዕድሜ ሰባ ነው። ዓይናቸው ደክሟል፣ ክሩን በጣታቸው ነው የሚያዩት። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ አንድ ልቃቂት ጀመሩ። እሳቸው ሲፈትሉ የብርድ ልብሷ ባለቤት እንኳ ወሬዋን ትታ ታይ ነበር። ለእኔ ጎረቤቴ ነጭ ክር ሰጥታኛለች፤ ሦስት ጥቅል።

ያንን ክር ይዘን ለአንዲታችን የወንድም ልጅ የአልጋ ልብስ ጀምረናል። ሠርጉ ለሚያዝያ ነበር፤ ወደ መጪው ጥር ተላለፈ፣ ለእኛ ደግ ሆነልን። ክቡ ክቡ በየቤቱ እየተሠራ፣ እሑድ እሑድ አንድ ላይ ይጋጠማል። አንዷ አጥብቃ ትሠራለች፣ ሌላዋ ታላላለች፤ ስለዚህ የጠበቀውን ወደ መሐል፣ የላላውን ወደ ዳር አደረግነው። ችግሩ ክሩ ነው፤ ጎረቤቴ የሰጠችኝ ነጭና አዳማ የተገዛው ነጭ አይገጥሙም፤ አንዱ ወተት ይመስላል፣ ሌላው ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። አሁን የሐምሌውን ቁልቢ በአውቶቡስ የምትሄድ ልጅ አግኝተናል። በስልክ ፎቶ አንሥቼ ልውሰድ ብትለን ፎቶ ነጭን ከነጭ አይለይም ብለን እምቢ አልናት። ጣት የሚያህል ክር ቆርጠን በወረቀት ጠቅልለን ሰጠናት፤ ቀፊራ ገብታ ከዚያ ጋር እያስተያየች ዐሥር ጥቅል ታመጣለች። ዋጋውን ስትደውልልን እንልክላታለን።