ስፓም ኢሜይል፦ አቅራቢዎች ካልተባበሩ ለምን አይቆምም?

በቪዲዮው ላይ በአጭሩ የነካነውን ርዕስ ለማስታወሻ እንዲሆናችሁ በጽሑፍ አቅርበነዋል።

ሰሞኑን እዚህ ክላፋም አንዲት እናታችን ስልካቸውን ይዘው መጡ። አዲስ አበባ ላለችው የእህታቸው ልጅ ዲቪ የሞሉላት እሳቸው ናቸው። «ደርሷታል፣ የማስፈጸሚያ ክፍያ ላኩ» የሚል ኢሜይል ገብቶላቸው ገንዘቡን ሊልኩ ነበር። ውሸት ነው! የአሜሪካ መንግሥት ዲቪ ደረሰሽ ብሎ በኢሜይል አያበስርም፤ ውጤቱ የሚታየው በራሱ ድረ ገጽ፣ በማረጋገጫ ቁጥር ነው።

ታዲያ ይሄ ኢሜይል እንዴት አለፈ? እኛ ታክሲ ነጂዎች ሳይከፍል የሚሮጥ ተሳፋሪ ሲያጋጥመን ለባልደረባ እንናገራለን። ዝም ካልን ቀጣዩም ይበላል። የኢሜይል አቅራቢም የሚያየው የራሱን በር ብቻ ነው። አንዱ ቢዘጋበት አጭበርባሪው በሌላው ይመጣል። ስለዚህ አቅራቢዎች በአራት መንገድ ይተባበራሉ።

1. የጋራ ጥቁር መዝገብ፦ በ1998 እዚሁ ለንደን የተመሠረተው ስፓምሃውስ ስፓም የሚላክባቸውን አድራሻዎች ይመዘግባል። አቅራቢዎች ኢሜይሉን ከመቀበላቸው በፊት መዝገቡን ያያሉ።

2. ጥቆማ መለዋወጥ፦ እናንተ «ስፓም ነው» የሚለውን ስትጫኑ ብዙ አቅራቢዎች መልእክቱ ለወጣበት ድርጅት ያሳውቃሉ።

3. የላኪ መታወቂያ፦ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ የሚባሉት ዘዴዎች ኢሜይሉ በስሙ ከተጻፈው ድርጅት በእርግጥ መምጣቱን ያጣራሉ። ጂሜይልና ያሁ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በብዛት የሚልኩትን ይህን ግዴታ አድርገውባቸዋል።

4. ከምንጩ መቁረጥ፦ በኖቬምበር 2008 ማኮሎ የሚባል የካሊፎርኒያ ድርጅት ለስፓም ላኪዎች መናኸሪያ ሆኖ ተገኘ። ኢንተርኔት የሚሰጡት ድርጅቶች መስመሩን ሲቆርጡበት በዓለም ላይ የሚላከው ስፓም ወዲያው ከግማሽ በላይ ወረደ። ግን በወራት ውስጥ ላኪዎቹ ሌላ ቦታ አግኝተው ተመለሱ። ትብብሩ የአንድ ቀን ዘመቻ ከሆነ ዋጋ የለውም ማለት ነው።

ሕግስ? አለ። በኢትዮጵያ የ2008 ዓ.ም. የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የማስታወቂያ ኢሜይል መላክን ይከለክላል። እንግሊዝም ከ2003 ጀምሮ ተመሳሳይ ደንብ አላት። ችግሩ ላኪው ብዙ ጊዜ ድንበር ማዶ ነው፤ ፖሊስ እስኪደርስ ገንዘቡ ሄዷል። ለዚህ ነው ቀድሞ መድረስ የሚችለው አቅራቢው ነው የምንለው።

የእኛስ ድርሻ? አጥፍቶ ዝም ማለት አይበቃም፤ «ስፓም ነው» የሚለውን ተጫኑ። በስልክ አጭር መልእክት ከመጣ፣ እንግሊዝ ያላችሁ ወደ 7726 አስተላልፉት፤ በነፃ ነው። ሊንኩን አትንኩ፣ አገር ቤት ላሉትም ንገሩ።

እናታችን ገንዘቡን አልላኩም፤ ቀድመው ስለጠየቁ ተረፉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ አበው። ቸር እንሰንብት።