ከኩራዝ እስከ ሁለት ስክሪን

ውድ ወላጆች፣ በሆሳዕና፣ በዱራሜና በዙሪያቸው ብዙዎቻችሁ ያጠናችሁት በኩራዝ ነው። ጭሱ ዓይን ቢያቃጥልም ብርሃኑ የሚያርፈው ደብተሩ ላይ ነበር። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ «ፕላዝማ» ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገባ፤ ትምህርቱ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ሲተላለፍ ብርሃኑ ከደብተሩ ተነስቶ ፊት ለፊት ወደ ዓይን መጣ። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ጀመረ። ዛሬ ደግሞ ሁለት ስክሪን ጎን ለጎን አድርገው የሚውሉ ልጆች አሏችሁ።

መብራቱ ተለወጠ፤ ዓይናችን ግን ያው ነው። ስክሪን ላይ ስናፈጥ ዓይናችንን የምናርገበግበው ከወትሮው ባነሰ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ይደርቃል፣ ይቆጠቁጣል። አንዱ ስክሪን ደማቅ፣ ሌላው ደብዛዛ ሲሆን ድካሙ ይብሳል።

የሁለቱን ድምቀት እኩል አድርጉ፤ ነጩ ገጽ አጠገቡ ካለ ነጭ ወረቀት በልጦ አያብራ። ዋናውን ስክሪን ፊት ለፊት በአንድ ክንድ ርቀት አስቀምጡ፤ መስኮቱ በጎን ይሁን። መብራት ሲጠፋ የላፕቶፑን ድምቀት ቀንሱ። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ራቅ አድርጋችሁ ተመልከቱ።

ሁሉንም ግን በስክሪን አታሳብቡ። ትራኮማ በአገራችን ዛሬም ዓይን ያጠፋል። የልጃችሁ ዓይን ከቀላ፣ ዓይናር ካበዛ ወይም ብርሃን ከፈራ፣ ስልኩን ነጥቃችሁ ብቻ አትተዉት፤ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።