ሊሴንኮ፣ ሞኖና የወተት ስኳር
እ.ኤ.አ. በ1948 ሊሴንኮ በስታሊን ድጋፍ የዘረመል ሳይንስን ከሶቪየት ኅብረት ሲያስወጣ፣ ፓሪስ ላይ ዣክ ሞኖ በጋዜጣ ፊት ለፊት ተቃወመው። ሞኖ በጦርነቱ ጊዜ ናዚን በኅቡዕ ሲታገል ራሱም የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበር።

ጉዱ ግን እዚህ ላይ ነው። ሞኖ የሚያጠናው ባክቴሪያ የወተት ስኳርን የሚሰብረውን ኢንዛይም በብዛት የሚያመርተው ስኳሩን ሲያገኝ ነው። ላይ ላዩን ላየው «አካባቢ ዘርን ይለውጣል» ለሚለው ለሊሴንኮ የሚመሰክር ይመስላል!

በ1961 ሞኖና ፍራንስዋ ዣኮብ መልሱን አሳተሙ። ትእዛዙ ድሮም ዘረመሉ ውስጥ አለ፤ አንድ አፋኝ ሞለኪውል ነው ተጭኖ የዘጋው። ስኳር ሲገባ አፋኙ ይለቃል፣ ኢንዛይሙም ይመረታል። ኢንዛይሙ ስኳሩን ሲጨርስ አፋኙ ተመልሶ ይዘጋል፤ ማለትም ኢንዛይሙ በገዛ ሥራው የራሱን ምርት ያስቆማል። ስኳሩ በሩን ከፈተ እንጂ ከተጻፈው አንዲት ፊደል አልነካም።

በ1965 ሁለቱ ከአንድሬ ልዎፍ ጋር ኖቤል ተሸለሙ። ሊሴንኮ ከዘረመል ተቋም ዳይሬክተርነቱ የተነሳውም በዚያው ዓመት ነው።