ከሕያው እጅ እስከ ውኃ ዕቃ፦ የምስል ጥራት እንዴት ይለካ ነበር?



በእኛ አቆጣጠር ራጅና ዓድዋ የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው። ቪልሄልም ሮንትገን አዲሱን ጨረር ያየው በጥቅምት 1888 ዓ.ም. መጨረሻ ሲሆን፣ የዓድዋ ድል የተገኘው በዚያው ዓመት የካቲት 23 ቀን ነው። ብዙ ወራት ሳይቆይም የኢጣሊያ ጦር ሐኪም የነበረው ጁዜፔ አልቫሮ፣ በኢትዮጵያው ዘመቻ በቆሰሉ ሁለት ወታደሮች ክንድ ውስጥ የቀሩትን ጥይቶች በኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል በራጅ ፈልጎ አገኘ። ራጅ በጦር ሕክምና ታሪክ ውስጥ የገባው በዚህ በር ነው። ጥይቶቹን የተኮሱት እነማን እንደነበሩ ለዚህ ጉባኤ መንገር አያሻኝም።

ጥይት ለማግኘት ስለ ምስል ጥራት ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ብረት ከሥጋ ተለይቶ ይታያል። አስቸጋሪው ነገር ቱቦው በዕለቱ ምን ዓይነት ጨረር እንደሚሰጥ ማወቁ ነበር። ደህና መለኪያ ስላልነበረ፣ የዚያ ዘመን ባለሙያ የገዛ እጁን በቱቦውና በሚያበራው ሰሌዳ መካከል እያስገባ፣ የአጥንቱን ጥላ አይቶ ቱቦውን ያስተካክል ነበር። የመጀመሪያው የምስል ጥራት መለኪያ እንግዲህ የሰው እጅ ነው። የቶማስ ኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ በዚህ ዓይነት ሥራ ሁለት እጆቹን አጥቶ በ1904 እ.ኤ.አ. ሞተ። ኋላ ላይ በሕያው እጅ ፈንታ የደረቀ የእጅ አጽም ገባ። ዛሬ ፋንተም የምንለው፣ በሰው ምትክ የሚነሣው ዕቃ፣ የዘር ሐረጉ እዚያ ይደርሳል።

የፊልም ዘመን አንድ ደግነት ነበረው፤ ጨረሩ ሲበዛ ፊልሙ ይጠቁራል፣ ስሕተቱ ራሱን ይናገራል። ጎድፍሬ ሃውንስፊልድ በሠራው መሣሪያ የመጀመሪያዋ ታማሚ ኦክቶበር 1 ቀን 1971 እ.ኤ.አ. በለንደን ሲቲ ስካን ስትነሣ ያ ደግነት ቀረ። (የሒሳቡን መሠረት አስቀድሞ ያሰበው አለን ኮርማክ የእኛው አህጉር ሰው፣ ደቡብ አፍሪቃዊ ነው፤ በ1979 የኖቤል ሽልማቱን ተካፍለዋል።) ምስሉ ቁጥር ሆነ፤ ቁጥር ደግሞ ጨረር ሲበዛበት አይጠቁርም፣ ያምራል እንጂ። አሸዋ የተነሰነሰበት የሚመስለውን ነጠብጣብ፣ ማለትም ኖይዝን፣ በግማሽ ለመቀነስ ጨረሩን አራት እጥፍ ማድረግ ይጠይቃል። ዓይን ይረካል፤ ከፋዩ የታማሚው አካል ነው።

የተወለድሁባትን ደጀንን እንደ ምሳሌ ልውሰድ። ጭንቅላቱን ለተመታ የደጀን ሕፃን ሲቲ ስካን ቢታዘዝለት ረጅም መንገድ ይጠብቀዋል፤ ወደ አዲስ አበባ ከሆነ የዓባይን በረሃ ወርዶ በጎሐ ጽዮን መውጣት አለበት። ጨረሩ አንሶ ምስሉ ቢደበዝዝ፣ ቤተሰቡ ተበድሮ የመጣውን መንገድ እንደገና ይጀምራል። በአዋቂ ልክ የተቃኘ ጨረር ቢሰጠው ደግሞ ምስሉ ያማረ ይሆናል፣ ማንም ቅሬታ አያሰማም፤ የካንሰር ሥጋቱ ግን ከልጁ ጋር ያድጋል። ስለዚህ ማመጣጠን ስንል መቀነስ ብቻ ማለታችን አይደለም። ጥያቄው ምስሉ አማረ ወይ ሳይሆን፣ ሐኪሙ የሚፈልገውን ደም ወይም ስንጥቅ ያሳያል ወይ ነው።

ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን በ1996 እ.ኤ.አ. የማመሳከሪያ መጠን የሚባለውን አሠራር ያቀረበው ለዚህ ነበር። መጠኑ የክልከላ ወሰን አይደለም፤ አንድ ሆስፒታል ዘወትር ከእርሱ በላይ የሚሰጥ ከሆነ ምክንያቱን እንዲመረምር የሚጠይቅ ነው። ለመመርመር ግን መዝገብ ያስፈልጋል። ዘመናዊው ማሽን ከእያንዳንዱ ምርመራ በኋላ የሰጠውን መጠን በስክሪኑ ላይ ያወጣል፤ ያንን ቁጥር ከዕድሜና ከክብደት ጋር መጻፍ የእስክሪብቶ ሥራ ነው።

ውድ ፋንተም መግዛት ያልቻለ ክፍልም ከውኃ ሊጀምር ይችላል። በሃውንስፊልድ ስፍር ውኃ ዜሮ፣ አየር ከዜሮ በታች 1000 ነው። ንጹሕ ውኃ የተሞላ ክብ የፕላስቲክ ዕቃ ተነሥቶ አማካዩ ከዜሮ ከራቀ ማሽኑ ተዛብቷል፤ የቁጥሮቹ መበታተን ደግሞ ኖይዙን ይሰጠናል። ውኃ ትንሿን ደም አያሳይም፤ ለዚያ የራዲዮሎጂስቱ ዓይን የግድ ነው። የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቼ በሚቀጥለው ሳምንት የሚጀምሩት ግን ከዚሁ ከውኃው ነው።