ከአራስ ቤት እስከ ጤና ጣቢያ፦ የእናቶች ጭንቀት በታሪክ



በጎጃም ደጋ አራስ ለብቻዋ አትተውም። ሌሊት ሰው አጠገቧ ያድራል፤ ከራስጌዋ ብረት ይቀመጣል፤ ጠያቂ ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል። ልማዱ የአራስን አእምሮ ስስነት ያውቅ ነበር ማለት ይቻላል። ይሁንና ማርያም የማረቻት ሴት «ሆዴ ባብቷል» ብትል ምሕረቱን የናቀች ትመስላለች።

ዘመናዊው ሕክምና ደግሞ ሩቅ ነበር። ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ነበር፤ ከደብረ ማርቆስ ዓባይን ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ያህል። ሕፃን ታቅፎ ይህን መንገድ ማን ይወጣዋል?

ጉዳዩን በጥናት ያነሡት ቡታጅራ ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የኤድንብራ መጠይቅ በአዲስ አበባ እናቶች ዘንድ ደኅና ሲሠራ፣ በቡታጅራ ገጠር ግን የተጨነቀችውን ካልተጨነቀችው በቅጡ መለየት ተሳነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ባለ20 ጥያቄ መጠይቅ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። እኔ ይህን እንደ ታሪክ ማስረጃ አነበዋለሁ። ባለ20ው ስለ ራስ ምታት፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ምግብ ፍላጎት ይጠይቃል፤ የገጠር እናትም ኀዘኗን የምትናገረው በአካሏ ነው።

ከ1995/96 ዓ.ም. ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደጃፍ ድረስ ደርሳለች፤ ስለ ደም መፍሰስ፣ ስለ ጡትና ስለ ክትባትም ትጠይቃለች። «እንቅልፍ ይወስድሻል?» ብትል ግን፣ ጎረቤት በከበበው አልጋ ላይ መልሱ «ደኅና ነኝ» ነው። በቅድመ ወሊድ ክትትል ክፍል ነፍሰ ጡሯ ከአዋላጇ ጋር ለብቻዋ የምትሆንበት ጥቂት ደቂቃ አለ፤ ጥያቄው ከዚያ ሊጀመር ይችላል።