የክረምት አደጋ ልምምድ በሥራ ቦታ

የክረምት አደጋ ልምምድ ማለት የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ከባድ ዝናብ፣ ጎርፍ፣ የመሬት መንሸራተት ወይም መብረቅ ሲያጋጥማቸው የሚወስዱትን እርምጃ አስቀድመው በተግባር የሚሞክሩበት ሥርዓት ነው። በቀዝቃዛ አገሮች ተመሳሳይ ልምምድ የሚደረገው ለበረዶ ውሽንፍር ነው። በኢትዮጵያ ግን ክረምት የዝናብ ወቅት ስለሆነ ዋናው ስጋት ውኃና የራሰ አፈር ነው። ይህ መጣጥፍ የከፋ ዞንንና ዋና ከተማውን ቦንጋን በምሳሌነት ይወስዳል።

የአካባቢው ሁኔታ

ከፋ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የሚገኝ፣ ደንና ተዳፋት የበዛበት ዞን ነው። ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ በከፋ ግን በበልግ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ሊዘልቅ ይችላል። ስለዚህ ለአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት የግንቦት ልምምድ በቂ ሲሆን፣ ለቦንጋ የየካቲት ወር ይሻላል።

የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ብዙ ውኃ ስለሚፈልጉ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ወንዝ አጠገብ ነው። የለቀማው ወቅት ሲደርስ ጊዜያዊ ሠራተኞች ስለሚቀጠሩ፣ በየካቲት የተደረገውን ልምምድ አያውቁትም። ለእነርሱ ሁለተኛ ልምምድ ያስፈልጋል።

ከእሳት አደጋ ልምምድ ያለው ልዩነት

በእሳት አደጋ ጊዜ መመሪያው አንድ ነው፤ ከሕንፃው መውጣት። በክረምት አደጋ ግን እርምጃው እንደ አደጋው ዓይነት ይለያያል።

• መብረቅ፦ ከሜዳና ከዛፍ ሥር ርቆ ቤት ውስጥ መቆየት፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አለመውጣት።
• ጎርፍ፦ ወደ ከፍተኛ ቦታ መሄድ፤ የሚፈስ ውኃን በእግርም ሆነ በመኪና አለመሻገር።
• የመሬት መንሸራተት፦ በተዳፋቱ ቁልቁል ሳይሆን ወደ ጎን፣ ናዳው ከሚወርድበት መስመር መውጣት።

ስለዚህ ለሦስቱም አንድ ዓይነት ደወል መጠቀም ሠራተኛውን ወደ ተሳሳተ ቦታ ሊመራው ይችላል።

አካሄድ

1. ቅኝት፦ ከግቢው በላይ ያለው ተዳፋት፣ የውኃ መውረጃ ቦይና መግቢያ መንገድ ይታያል። የመሬት ስንጥቅ፣ የዘመመ ዛፍ ወይም ምሰሶና ድንገት የደፈረሰ ምንጭ የመንሸራተት ምልክቶች ናቸው።
2. የሥራ ክፍፍል፦ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩትን ትንበያ የሚከታተል፣ መብራት የሚያጠፋ፣ ስም የሚጠራና አካል ጉዳተኞችን የሚረዳ ሰው ይመደባል።
3. ማንቂያ፦ በዝናብ ጊዜ መብራት ሊጠፋ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ጩኸትም ድምፅ ሊውጥ ይችላል። ስለዚህ ከፊሽካ በተጨማሪ በየክፍሉ ዞሮ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። መመሪያው በአማርኛና በካፊኖኖ ቢነገር ይመረጣል።
4. ሙከራ፦ ሠራተኞች በተመረጠው መንገድ ይሄዳሉ፤ ጊዜው ይያዛል። ከዚያ ዋናው መንገድ ተዘግቷል ተብሎ በሌላ መንገድ ይደገማል።
5. ስም ጥሪ፦ የዕለቱ የሠራተኞች ዝርዝር በወረቀት ይያዛል፤ እንግዶችና የቀን ሠራተኞችም ይቆጠራሉ።
6. ግምገማ፦ የታየው ጉድለት፣ የሚያስተካክለው ሰውና ቀኑ ይመዘገባሉ።

የጎፋ ዞን አደጋ

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ከከባድ ዝናብ በኋላ በደረሰ የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ብዙዎቹ ቀድሞ በወረደው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ሰዎች ነበሩ፤ ሁለተኛ ናዳ ወርዶባቸዋል።

ለተቸገረ መድረስ በገጠር ጠንካራ ልማድ በመሆኑ፣ «አትሂዱ» የሚል ትእዛዝ ብቻውን ብዙም አይሠራም። በልምምዱ ማካተት የሚቻለው፣ አንድ ሰው በአስተማማኝ ቦታ ቆሞ ተዳፋቱን እንዲጠብቅና ምልክት እንዲሰጥ፣ ቆፋሪዎች በቁጥር ተወስነው በፈረቃ እንዲገቡ፣ ሌላው ሕዝብ ከናዳው መስመር ውጭ እንዲቆይ ማድረግን ነው።

ሕጋዊ መሠረት

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኞችን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ፣ ሠራተኞችም ስለ ሥራቸው አደጋዎች እንዲያውቁ እንዲያደርግ ያስገድዳል። ልምምዱ ይህን ግዴታ ከመወጫ መንገዶች አንዱ ነው።

ደግሞ ይዩ

• የመሬት መንሸራተት
• ክረምት
• ቦንጋ
• ከፋ ዞን